አይጥን ከጋራዥ ለማስወጣት፦ ከወጥመዱ በፊት ቀዳዳው

ጋራዥ ውስጥ አይጥ መግባቱን ሰው የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ከረፈደ ነው። እኔ ያወቅኩት መኪናዬ አልነሳ ብሎኝ ነው። አሥር ቀን ያህል ሳይነዳ ቆሞ ነበር። መካኒክ መጥቶ ኮፈኑን ሲከፍት ሁለት ሽቦ ተበልቶ ተበጥሷል። ከባትሪው ጎን ደግሞ ከተቦጫጨቀ ወረቀትና ከስፖንጅ የተሠራ ጎጆ አለ።

የዚያኑ ዕለት ወጥመድ ገዛሁ። ማታ አጠምዳለሁ፤ ጠዋት የተያዘውን እጥላለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ቆየሁ። አንዷ ስትሄድ ሌላዋ ትመጣለች። አንድ ቀን ጠዋት መብራት ሳላበራ ከውስጥ በሩን ዘግቼ ስቆም፣ ከበሩ ሥር በግራው ጥግ ብርሃን ሲገባ አየሁ። የበሩ ጎማ ተበልቶ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ያን ደፍኜ ማጥመዴን ቀጠልኩ። በሳምንቱ ጋራዡ ጸጥ አለ።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ከወጥመድ አይጀምርም። መጀመሪያ የገባው ምን ዓይነት አይጥ እንደሆነ ትለያላችሁ። ከዚያ ታጸዳላችሁ፣ ምግቡንና መደበቂያውን ታሳጡታላችሁ፣ ቀዳዳውን ትደፍናላችሁ። ወጥመድ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እባካችሁ ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ቀዳዳው ክፍት ሆኖ ማጥመድ፣ ቧንቧው ሳይዘጋ ወለል እንደ መወልወል ነው።

ደግሞም «አንዲት ብቻ ናት» ብላችሁ አታሳድሩት። የቤት አይጥ የምታረግዘው 3 ሳምንት ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 6 ትወልዳለች። ልጆቿ 6 ሳምንት ሲሞላቸው እነሱም ለመውለድ ይደርሳሉ።

1. የገባውን ለዩ

ትንሿ የቤት አይጥና ትልቁ አይጠ መጎጥ አንድ አይደሉም። ጠባያቸው ይለያያል፤ የሚያዙበትም መንገድ እንዲሁ። በጣም የሚረዳችሁ ኩሳቸው ነው። የትንሿ አይጥ ኩስ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ጫፉ ሾጣጣ ነው። የአይጠ መጎጥ ግን ትልቅ ነው። መሬት ቆፍሮ የሚኖረው ቡናማው ዓይነት ወደ 2 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋ፣ ጫፉ ደነዝ ያለ ኩስ ይጥላል። ጣሪያና ግድግዳ የሚወጣው ጥቁሩ ዓይነት ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጫፉ የሾለ ኩስ አለው። አዲስ ኩስ ጥቁርና የሚያብለጨልጭ ነው። የቆየው ይገረጣል፣ በእንጨት ሲነኩት ይፈረፈራል። በእጃችሁ ግን አትንኩት።

ቀጥሎ ግድግዳውን ተመልከቱ። አይጦች ዓይናቸው ደካማ ነው። በጢማቸው ግድግዳ እየዳበሱ በአንድ መንገድ ይመላለሳሉ። ፀጉራቸው ላይ ያለው ቅባትና ቆሻሻ ግድግዳው ሥር ጥቁር የመታከክ ምልክት ይተዋል። ያ ምልክት የሚሄዱበትን መንገድ ያሳያችኋል። ወጥመዱንም ኋላ የምታስቀምጡት እዚያው ላይ ነው።

ምልክት ካላገኛችሁ የሕፃናት ፓውደር ውሰዱ። ማታ በግድግዳው ሥርና በበሩ ጥጎች ስስ አድርጋችሁ በትኑ። ዱቄት አትጠቀሙ፤ ዱቄት ምግብ ነው። ጠዋት የእጅ ባትሪ ወደ ጎን አዘንብላችሁ ስታበሩ የእግራቸው ዱካ ይታያል። የጅራታቸው መስመርም አንዳንዴ መሃል ላይ ይኖራል። ዱካው ወዴት እንደሚያመራ ተከተሉ። እኔ ይህን ሙከራ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ። ወጪው ትንሽ ነው፤ የሚነግራችሁ ግን ብዙ ነው።

ልዩነቱ ለምን ይጠቅማል? ትንሿ አይጥ ከጎጆዋ ብዙ አትርቅም፤ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ሜትር ውስጥ ትንቀሳቀሳለች። ስለዚህ ጎጆዋ እዚያው ጋራዥ ውስጥ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። አይጠ መጎጥ ግን 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሄዳል። ከውጭ ጎሬ ኖሮት ለምግብ ብቻ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የግቢውን ዙሪያም ማየት አለባችሁ። ትንሿ አይጥ አዲስ ነገር ስታይ ቀርባ ታሸታለች። አይጠ መጎጥ ደግሞ አዲስ ነገር ይጠረጥራል፤ ለቀናት ሊርቀው ይችላል።

2. ስታጸዱ አቧራ አታስነሱ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ብዙ ሰው ኩስ ሲያይ መጥረጊያ ያነሳል። አይደረግም። የደረቀ ኩስና ሽንት ሲጠረግ ብናኙ አየር ላይ ይነሳል። ሀንታ ቫይረስ የሚባለው ሳንባን ወይም ኩላሊትን የሚጎዳ በሽታ ሰው ላይ የሚደርስበት ዋናው መንገድ ይህን ብናኝ መተንፈስ ነው። የአይጥ ሽንት ደግሞ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለውን በሽታ በተሰነጠቀ ወይም በቆሰለ ቆዳ በኩል ያስተላልፋል። ሳልሞኔላ የሚባለው ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያም አለ። የአቧራ መሳቢያ ማሽንም ከመጥረጊያው አይሻልም፤ ብናኙን መልሶ ይረጨዋል።

በሩንና መስኮቱን ክፈቱና 30 ደቂቃ ውጡ። አየሩ ይቀየር። ስትመለሱ የጎማ ጓንትና ማስክ አድርጉ። 1 እጅ በረኪና ከ9 እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። ኩሱንና ጎጆውን በደንብ እስኪርስ ድረስ አርከፍክፉበት። 5 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ በወረቀት ወይም በሚጣል ጨርቅ አንሱና ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ክተቱ። ከረጢቱን አስራችሁ ሌላ ከረጢት ውስጥ ጨምሩት። ቦታውን እንደገና በዚያው ውሃ ወልውሉ። መጀመሪያ ጓንቱን እንዳደረጋችሁ ታጠቡ፤ ካወለቃችሁ በኋላ ደግሞ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

በረኪናን ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። አሞኒያ ወይም አሲድ ካለበት ነገር ጋር ሲገናኝ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ይህ ቀልድ አይደለም።

በቀጣዮቹ ሳምንታት ድንገት ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ከተሰማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። የአይጥ ኩስ ማጽዳታችሁን ሳይጠይቃችሁ ንገሩት።

3. የሚበላውንና የሚደበቅበትን አሳጡት

የቤት አይጥ በቀን የምትበላው 3 ግራም ገደማ ነው። ይህ እጅግ ትንሽ ነው። ከአንድ ከረጢት የፈሰሰ ጥሬ ለወራት ያኖራታል። ጋራዥ ውስጥ የምናስቀምጠውን አስቡ፦ የውሻ ወይም የድመት ምግብ፣ የወፍ መኖ፣ የሚዘራ ዘር። ሻማና ሳሙና ጭምር ይበላሉ። እነዚህን ሁሉ ክዳኑ ጠበቅ ባለ የብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አስገቡ። የቆሻሻ መጣያው ክዳን ይኑረው።

ውሃም አስቡ። ትንሿ አይጥ ከምግቧ በምታገኘው እርጥበት መኖር ትችላለች። አይጠ መጎጥ ግን ቀን በቀን መጠጣት አለበት። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ አስጠግኑ። ውሃ ያዘለ ባልዲ አታሳድሩ።

ከዚያ ኮተቱ። የካርቶን ክምር ለአይጥ ቤትም ጎጆ መሥሪያም ነው። ካርቶኑን ክዳን ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ተኩ። ዕቃ ከወለል 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ይሁን። ከግድግዳውም ትንሽ ይራቅ። ሥሩን ማየትና መጥረግ መቻል አለባችሁ። ማየት የማትችሉት ስርቻ ሁሉ የእነሱ ነው። ይህ ግማሽ ቀን የሚወስድ አድካሚ ሥራ ነው። ቢሆንም ያለዚህ ወጥመዱም በቂ ውጤት አያመጣም፤ ምግብ የሞላላት አይጥ ወጥመዱ ላይ ያለውን ትንሽ ቁራሽ ምን ብላ ትፈልገዋለች?

ከውጭም በግድግዳው ሥር ያለውን ሣር አሳጥሩ። የእንጨት ክምሩን ከግድግዳው አርቁ። ጣሪያ የሚነካ ቅርንጫፍ ካለ ቁረጡት።

4. ቀዳዳውን ድፈኑ

ዋናው ሥራ ይኸው ነው። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ።

በጠራ ቀን ጋራዡ ውስጥ ግቡ። በሩን ዝጉ፣ መብራት አጥፉ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ደቂቃ ቁሙ። ብርሃን የሚገባበትን ሁሉ በጠመኔ አክብቡ። ማታ ደግሞ ተቃራኒውን አድርጉ፦ ሌላ ሰው ከውስጥ የእጅ ባትሪ ያብራ፤ እናንተ ከውጭ ሆናችሁ ብርሃን የሚወጣበትን ፈልጉ። ሁለቱ ሙከራዎች አንድ ዓይነት ውጤት አይሰጡም። ሁለቱንም ሥሩ።

ምን ያህል ቀዳዳ ያስገባል? እርሳስ ይዛችሁ ዙሩ። እርሳስ የሚገባበት ቀዳዳ ትንሿን አይጥ ያስገባል። 6 ሚሊ ሜትር ይበቃታል። ጭንቅላቷ ካለፈ ሌላው አካሏ ይከተላል። አውራ ጣት የሚገባበት ደግሞ አይጠ መጎጥን ያስገባል፤ ለወጣቱማ ከ12 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ «ይቺ ትንሽ ናት» ብላችሁ የምትተዉት ቀዳዳ አይኑር።

የምታዩባቸው ቦታዎች እነዚህ ናቸው። የትልቁ በር ታችኛ ጥጎች፤ በብዙ ጋራዥ ቀዳሚው መግቢያ እዚያ ነው። የበሩ ግራና ቀኝ ጠርዝ። ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳ የሚያቋርጡበት ቦታ። ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበት መስመር። የአየር ማስገቢያው። የወለሉ ፍሳሽ፤ አይጠ መጎጥ ጎበዝ ዋናተኛ ስለሆነ በፍሳሽ ቱቦ ይወጣል። ጋራዡን ከመኖሪያ ቤቱ የሚያገናኘው በር ካለ እሱን መጀመሪያ ዝጉ። እዚያ በኩል ካለፉ ሥራው እጥፍ ይሆናል።

በምን ትደፍናላችሁ? የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል። ስለዚህ ስትፈልግም ባትፈልግም ትቦረቡራለች። እንጨት፣ ፕላስቲክ፣ ተራ ጎማ፣ የሚነፋ ፎም፣ ሁሉንም ትበሳለች። ፎም ብቻውን መሙላት ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው። ለትንንሽ ቀዳዳ የብረት መፈተጊያ ሽቦ በደንብ ጠቅጥቁና በላዩ ሲሊኮን ወይም ሲሚንቶ ለጥፉ። እርጥበት ባለበት ቦታ ተራው ሽቦ ይዝጋል፤ እዚያ የማይዝገውን ወይም የመዳብ መረብ ተጠቀሙ። ለትልቅ ቀዳዳ ሲሚንቶ ወይም ቆርቆሮ ይሁን። የአየር ማስገቢያውን አትድፈኑት። ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ምቱበት። የወለሉ ፍሳሽ ላይም የብረት ወንፊት አድርጉ።

በሩ ትንሽ ጥበብ ይፈልጋል። ወለሉ ወጣ ገባ ከሆነ አዲስ ጎማ ብታስገቡም ክፍተቱ ይቀራል። መጀመሪያ የጎደጎደውን ቦታ በሲሚንቶ አስተካክሉ። ይድረቅ። ከዚያ የበሩን ሥር ጎማ ቀይሩ፤ ከተገኘ ውስጡ የብረት መረብ ያለበትን ምረጡ። ጥጎቹ ላይ ቁራጭ ቆርቆሮ ብትጨምሩ መልካም ነው። በሩን ዘግታችሁ በጎማውና በወለሉ መካከል ወረቀት አስገቡ። ስትስቡት ምንም ሳይይዘው ከወጣ ገና ነው።

ከውጭ ጎሬ ካገኛችሁ አፉን በተጨማደደ ወረቀት ድፈኑት። በሁለት ቀን ውስጥ ወረቀቱ ከተገፋ አይጥ አለበት ማለት ነው፤ እዚያ አጠገብ ወጥመድ ያስፈልጋል።

«ደፍኜ ውስጥ የቀሩትስ?» ትሉ ይሆናል። ለእነሱ ነው ወጥመዱ። ስለዚህ ድፈናው ባለቀበት ዕለት ማታ አጥምዱ።

5. አሁን አጥምዱ

በሞላ (በስፕሪንግ) የሚዘጋው ተራ ወጥመድ እስካሁን ጥሩ ነው። በፍጥነት ይገድላል፤ የያዘውንም ታያላችሁ። መጠኑ ግን ይገጥም። የትንሿ አይጥ ወጥመድ አይጠ መጎጥን አቁስሎ ይለቀዋል። ከዚያ በኋላ ያ አይጠ መጎጥ ወጥመድ አጠገብ ድርሽ አይልም።

ሰው የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ነው። ሁለት ወጥመድ አይበቃም። አንድ መኪና ለሚያቆም ጋራዥ 8 ወይም 10 አጥምዱ። ለትንሿ አይጥ በየ2 ወይም 3 ሜትሩ ይሁን። አቀማመጡም አለው፦ ወጥመዱ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ከግድግዳው ጋር የ«T» ቅርጽ ይሥራ፤ ማጥመጃው፣ ማለትም አይጧን የሚስበው ምግብ፣ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን ይንካ። አይጧ ግድግዳ ተደግፋ ስትሮጥ በቀጥታ ትረግጠዋለች። ወለሉ መሃል ላይ የተቀመጠ ወጥመድ ብዙም አይሠራም።

ማጥመጃው የኦቾሎኒ ቅቤ ይሁን። የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ከበዛ ወጥመዱን ሳትነካ ጠርዙን ልሳ ትሄዳለች። ጎጆ የምትሠራ አይጥ ጥጥ ወይም ክር ይስባታል፤ ወጥመዱ ላይ አስራችሁ ሞክሩት። ጓንት አድርጉ።

ለአይጠ መጎጥ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ወጥመዶቹን ማጥመጃ አድርጋችሁ፣ ግን ሳትወጥሩ አስቀምጡ። ከ4 እስከ 7 ቀን ይብላ። ምግቡ በየሌሊቱ መበላቱን ስታረጋግጡ፣ አንድ ማታ ሁሉንም በአንድ ላይ ወጥሩ። በመጀመሪያው ቀን ከወጠራችሁ አንዱን ትይዛላችሁ፤ የቀሩት ይነቃሉ። ትንሿ አይጥ ላይ ግን መጠበቅ አያስፈልግም። በ3 ቀን ካልያዘ ቦታ ቀይሩ።

ጠዋት ጠዋት እዩ። የሞተውን ከነወጥመዱ በበረኪናው ውሃ አርጥቡ፣ 5 ደቂቃ ጠብቁ፣ በሁለት ከረጢት ጣሉ። ልጅ ወይም የቤት እንስሳ ካለ ወጥመዱን ግራና ቀኙ ቀዳዳ ባለው ሳጥን ውስጥ አድርጉ።

የማጣበቂያ ሙጫውን አልመክርም። እንስሳው ተጣብቆ ለሰዓታት ይሠቃያል፤ በጭንቀቱም ሽንቱንና ኩሱን ይለቃል። ለእሱም ለእናንተም ክፉ ነው።

ስለ መርዝ

መርዝ የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። እኔ ከቻልኩ ጭራሽ አልነካውም። አብዛኛው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። የዚህ ዓይነቱ ቀዳሚ የሆነው ዋርፋሪን ለአይጥ መርዝነት የዋለው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። የበላችው አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ቀናት ይወስዳል። በእነዚያ ቀናት እየደከመች ትዞራለች። ድመት ወይም ጉጉት ይበላታል፤ መርዙም ወደ በላው ይተላለፋል። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ማለት ይህ ነው። ካልሆነም ግድግዳ ውስጥ ትሞትና ሽታው ለሳምንታት ይቆያል።

የግድ ከሆነ በቁልፍ በሚዘጋ ሳጥን ውስጥ ብቻ ይሁን፤ የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ። ልጅ ወይም ውሻ ከበላ ምልክት አትጠብቁ። ምልክቱ ከቀናት በኋላ ነው የሚመጣው። ማሸጊያውን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ሐኪም ሩጡ። ደም እንዳይረጋ ለሚያደርገው ዓይነት ቫይታሚን ኬ1 ማርከሻ አለው። ሌላ ዓይነት ከሆነ ግን ሕክምናው ስለሚለይ ነው ማሸጊያው ያስፈለገው።

በድምፅ ያባርራል የሚባለውን መሣሪያ ቶሎ ይለምዱታል። ናፍታሊንም አያስወጣቸውም፤ ሽታው ይልቅ ለእናንተ ነው ጎጂው። ገንዘባችሁን ለሲሚንቶና ለሽቦ አውሉት።

መኪናው ላይ

አይጥ ገብቶ ከነበረ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ። ደረቅ ጎጆ ትኩስ ቦታ ላይ ከቀረ እሳት ሊነሳ ይችላል። የአየር ፊልትሮውን ሳጥን ከፍታችሁ እዩ፤ የሚወዱት ቦታ ነው። የተበላ ሽቦ ካያችሁ አታስነሱ፣ መካኒክ ጥሩ። መኪና ውስጥ ምግብና ሶፍት አታሳድሩ። ቆሞ የሚከርም መኪና ከሆነ በየጥቂት ቀኑ አንቀሳቅሱት፤ ከየጎማው አጠገብም አንድ አንድ ወጥመድ አድርጉ።

መቼ አለቀ ይባላል?

2 ሳምንት ሙሉ ምንም ካልተያዘና ፓውደሩ ላይ ዱካ ካልታየ ጋራዡ ነጻ ነው። በዚህ መሃል አይጠ መጎጥ በጠራራ ፀሐይ ሲሯሯጥ ካያችሁ ቁጥራቸው በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ባለሙያ ጥሩ። የግድግዳው የኤሌክትሪክ መስመር ከተበላም ቆጣሪውን አጥፍታችሁ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጥሩ።

ከጸዳ በኋላም በበሩ ግራና ቀኝ ጥግ አንድ አንድ ወጥመድ ይቅር። በወር አንድ ቀን ጎንበስ ብላችሁ የበሩን ጎማ ከዳር እስከ ዳር በጣታችሁ ዳስሱ። የጥርስ ምልክት ካገኛችሁ ለነገ አታሳድሩት፤ በዚያው ቀን ቆርቆሮ ምቱበት።